መስቀል የተለጠፈበት ሁሉ፦ በስልክ ላይ መንፈስን የመመርመር ዝርዝር መመሪያ

ቲክቶክ ላይ የሚያልፍ ጭፈራ ምን እንደሆነ ለማወቅ የንስሐ አባት አያስፈልግም፤ ራሱን አይደብቅም። የሚያስቸግረው ከላዩ መስቀል፣ ከሥሩ በገና ያለበት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ በምእመናን ስልክ ውስጥ ስሕተት በቀላሉ የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ ምክንያቱም መስቀሉን ሲያዩ ጥርጣሬን እንደ ኃጢአት ቆጥረው ይተዋሉ። ቅዱስ ዮሐንስ ግን መናፍስትን መርምሩ ብሎ የጻፈው ለአሕዛብ አልነበረም (1ኛ ዮሐ. 4፥1)፤ በክርስቶስ ስም የሚናገሩትን ይሰሙ ለነበሩ ክርስቲያኖች ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጊዜውን የሚያጠፋው በዓለማዊው ላይ ሳይሆን መንፈሳዊ በሚመስለው ላይ ነው።

የተጻፈው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚኖር ሰው ነው። የቅንብሮቹ ስም እንደ ስልኩና እንደ መተግበሪያው እትም ትንሽ ሊለያይ ይችላል።

መጀመሪያ፦ 7 ቀን መመዝገብ

በዚህ ሳምንት ምንም አይቀይሩ፣ ምንም አያጥፉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው "ዲጂታል ዌልቢይንግ" የሚለውን ይክፈቱ። በቀን ስንት ሰዓት እንደተጠቀሙ፣ ስልኩን ስንት ጊዜ እንደከፈቱና ስንት ማሳወቂያ እንደመጣ ያሳያል። ከሦስቱ የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ አይደለም፤ የከፈቱበት ብዛት ነው። አነስተኛ ስልክ ሆኖ ይህ ከሌለው፣ ቲክቶክና ፌስቡክ የየራሳቸውን የሰዓት መቁጠሪያ በቅንብራቸው ውስጥ ይዘዋል።

ቁጥሩ ብቻውን ስለ ነፍስ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ትንሽ ደብተር ይያዙና አራት ነገር ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ለምን እንደከፈቱት፣ ምን እንዳዩ፣ ሲዘጉት ልብዎ ምን ላይ እንደነበረ። በቀን አምስት መስመር ይበቃል። ሁሉን ልመዝግብ የሚል ሰው በሦስተኛው ቀን ይሰለችና ይተወዋል።

ለመጨረሻው ዓምድ ቃል ካጡ፣ የግብፅ በረሓ አባቶች በ4ኛው መቶ ዘመን ለይተው ያስቀመጧቸውን ስምንቱን ክፉ ሐሳቦች ይጠቀሙ፦ ስስት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ውዳሴ ከንቱ፣ ትዕቢት። ብዙ ሰው ዝሙትን ሲጠብቅ የሚያገኘው ስልቹነትን ነው፤ ሥራም ጸሎትም ሲከብደው ስልኩን ያነሣል። ራሱ የሚለጥፈው ደግሞ ውዳሴ ከንቱን ያገኛል፤ ለጥፎ በየአምስት ደቂቃው ስንት ሰው ወደደው እያለ ይመለሳል።

ደብተሩን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። "አባቴ፣ ስልክ አበዛለሁ" ማለት ለካህኑ ምንም አይነግረውም፤ በተለይ አባ ስማርት ስልክ የማይዙ ከሆነ። "ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ የሰው ስድብ ሳነብ አመሻለሁ፣ ጠዋት ለኪዳን አልነሣም" ሲሉ ግን ችግሩ ቲክቶክን ለማያውቅ አባትም ግልጽ ይሆናል፤ ቀኖናውም ልክ ይሆናል።

የሰዓት አጥር

ስልኩ የሚያድርበትን ቦታ ከመኝታ ክፍል ያውጡ። ለማንቂያ ባለ ቁልፍ ስልክ ወይም የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚገዛ ሰው መንፈቀ ሌሊትን ለስልክ አከራየ ማለት ነው። ለማውረድ ከፈለጉት፣ ማታ አስጀምረውት ስልኩን ከሌላ ክፍል ትተው ይተኙ።

ውዳሴ ማርያም ወይም ዳዊት በስልክ የሚደግሙ ከሆነ መጀመሪያ የአውሮፕላን ሞድ ያብሩ፣ ከዚያ የጸሎት መተግበሪያውን ይክፈቱ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ መጽሐፉን ከፍተው ኔት ሊያጠፉ ሲሉ የቴሌግራም መልእክት ይቀድምዎታል። የሚሻለው ግን የታተመው የኪስ መጽሐፍ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ከሚዲያ መጾም መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ጥሪን ከማሸብለል ይለዩ። ልጇ ዐረብ አገር ያለች እናት ኢሞ ዘግታ ብትጾም ጾሙ በልጇ ጭንቀት ይከፈላል። የሚጾመው ቲክቶክ፣ የፌስቡክ ገጽ፣ የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮ ነው። በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን መተግበሪያዎቹን አጥፍተው በትንሣኤ ማግሥት መልሰው የሚጭኑ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ያለፈውን ሁሉ በሁለት ሌሊት ያዩታል። የሚበላሸው የተፈታው ጊዜ ባዶ ስለሚቀር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይጀምሩ፤ ለዚያ ሰዓት አስቀድመው ሥራ ይመድቡለት፤ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፣ የዕለቱን ስንክሳር ማንበብ፣ ወይም በቃ መተኛት።

ቁጣም ይቆጠራል

ቲክቶክም ዩቲዩብም ምን እንደሚያሳዩን የሚወስኑት ምን ያህል እንደቆየን፣ ደግመን እንዳየን፣ አስተያየት እንደሰጠን፣ ለሌላ እንዳስተላለፍን ቆጥረው ነው። ወደው ይሁን ተናደው አይለዩም። ስለዚህ የመናፍቅን ስብከት እስከ መጨረሻ አይተው ከሥሩ "ሐሰተኛ!" ብለው የሚጽፉ ምእመን ሁለት ነገር አደረጉ፦ ነገ እንዲሁ ያለውን አምስት ቪዲዮ ለራሳቸው አዘዙ፣ ይህኛውንም ለጓደኞቻቸው ገፉ። ለእምነታቸው የቀኑ መስሏቸው የእርሱን ገበያ አሰፉለት።

የሚሠራው ዝምታ ነው። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮውን ጫን ብለው ይዘው "ኖት ኢንተረስትድ" ይምረጡ። ዩቲዩብ ላይ ሦስቱን ነጥብ ነክተው "ዶንት ሬኮመንድ ቻነል" ይበሉ፤ አውቶፕሌይንም ያጥፉ። የቲክቶክ ገጽዎ ፈጽሞ ከተበላሸ፣ ከሴቲንግስ "ኮንቴንት ፕረፈረንስ" ውስጥ ገጹን ከአዲስ የሚያስጀምር "ሪፍረሽ" አለ። ከዚያ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ናቸው፤ የሚያዩት ሁሉ የነገውን ገጽ ይሠራል።

ቴሌግራም ላይ በ"ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ሥር ማን ወደ ግሩፕ ሊያስገባዎት እንደሚችል የሚወስን ቅንብር አለ፤ "ማይ ኮንታክትስ" ያድርጉት። ከዚያ በኋላ የማያውቁት ሰው "የበረከት ግሩፕ" ውስጥ ሳይጠይቅ አይጨምርዎትም። አውቶ ዳውንሎድንም ያጥፉ፤ ያልመረጡት ምስል ጋለሪዎ ውስጥ እንዳይገባ፣ ጥቅሉም እንዳያልቅ።

መንፈሳዊ የሚመስለውን መመርመር

ቅዱስ ጳውሎስ "ሁሉን ፈትኑ መልካሙንም ያዙ" ይላል (1ኛ ተሰ. 5፥21)። ፈተናው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይቀላል፤ መጀመሪያ የሚቀድሙት በአንድ ደቂቃ የሚያልቁ ናቸው።

ማን ነው የሚናገረው? ሰባኪ ከሆነ የክርስትና ስሙ፣ የሚያገለግልበት ደብር፣ የላከው ሀገረ ስብከት ሊታወቅ ይገባል። "መምህር" የሚል ማዕረግ በመገለጫ ላይ መጻፍ ማንም ይችላል። በአቅራቢያዎ ነኝ ካለ፣ ወረዳ ቤተ ክህነት ወይም ደብረ ብርሃን ያለው የሰሜን ሸዋ ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። ፊቱን የማያሳይ፣ ስሙን የማይናገር፣ "በበረሓ ያሉ አባት ላኩኝ" ብቻ የሚል ድምፅ ይህን የመጀመሪያ ወንፊት አያልፍም። እውነተኛ ባሕታዊ ቴሌግራም ቻነል አያስተዳድርም ብሎ መገመት አያስነቅፍም።

ቻነሉስ የማን ነው? የታዋቂ መምህርን ስምና ፎቶ ይዞ በመለያው ላይ አንዲት ፊደል የቀየረ ቻነል ብዙ ነው። ወደ መጀመሪያው ልጥፍ ይውረዱ፤ መቼ ጀመረ? ምን ይለጥፍ ነበር? ፌስቡክ ላይ "ፔጅ ትራንስፓረንሲ" የሚለው የገጹን የተከፈተበት ቀን፣ የቀድሞ ስሞቹንና አስተዳዳሪዎቹ ያሉበትን አገር ያሳያል። የዛሬው "የእመቤታችን ልጆች" ከሁለት ዓመት በፊት የኳስ ውርርድ ገጽ እንደነበር እዚያ ላይ ሊወጣ ይችላል። "አሜን ሳትሉ አትለፉ" የሚለው ልጥፍ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ለዚህ ነው፤ አሜን ያለው ሁሉ ተከታይና ቁጥር ይሆናል፤ ገጹ ሲያድግ ስሙ ተቀይሮ ይሸጣል። አሜንዎ የሚገባው ለካህኑ ቡራኬ ነው።

ሙሉው የት አለ? የአንድ ሰዓት ትምህርት ተቆርጦ 40 ሴኮንድ ሲሆን መምህሩ የተቃወመውን እንዳስተማረ ሊመስል ይችላል፤ "እንዲህ የሚሉ አሉ" የሚለው መግቢያ ከተቆረጠ በቃ። ሙሉውን ሳያገኙ አያመስግኑ፣ አይኮንኑ። ለተጠቀሰ ጥቅስም ሕጉ አንድ ነው፤ ምዕራፉን ከላይ አሥር ቁጥር፣ ከታች አሥር ቁጥር ያንብቡ። የቤርያ ሰዎች የሐዋርያውን የጳውሎስን ቃል እንኳ ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ ሉቃስም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልወቀሳቸውም (ሐዋ. 17፥11)።

ከእርስዎ ምን ይፈልጋል? ፍርሃት፣ ጥድፊያ፣ ምስጢር፣ ገንዘብ፤ ከአራቱ ሁለቱ በአንድነት ከመጡ ይዝጉት። "ይህን ለ7 ሰው ካልላክህ መከራ ይደርስብሃል" የሚለው መልእክት ፍርሃትንና ጥድፊያን በአንድ መስመር ይዟል። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ቢለጠፍበትም አሠራሩ የመተት ነው፤ በረከትን በቁጥርና በማስተላለፍ ያስራል። አይላኩት። ባለመላክዎ ፍርሃት ካደረብዎ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይሰርዙት።

ትንቢትና ራእይ ሲመጣ ሚዛኑ ከባድ ይሁን። ኦሪት ነቢዩ የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም ትላለች (ዘዳ. 18፥22)፤ ስለዚህ ያው ቻነል ባለፈው ዓመት ምን ብሎ እንደነበር ወደ ኋላ ይፈልጉ። ያልደረሰውን ያጠፋዋል፤ በግምት የገጠመውን ደጋግሞ ይለጥፋል። "ሥዕሏ አለቀሰች"፣ "መስቀል በሰማይ ታየ" ሲባል የደብሩን ስም፣ ቀኑንና የደብሩን አስተዳዳሪ ቃል ይጠይቁ። ተአምር መኖሩን ማመን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ልጥፍ ተአምር ነው ብሎ ለሦስት መቶ ሰው መመስከር ሌላ ነው።

"ሲኖዶሱ ወሰነ" የሚል ዜና ሲያዩ የቅዱስ ሲኖዶስ መደበኛ ጉባኤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥቅምት 12 እና ከትንሣኤ በኋላ በርክበ ካህናት፣ እንደሚጀመር ያስታውሱ። በመካከሉም ቋሚ ሲኖዶስና አስቸኳይ ጉባኤ ስላሉ ቀኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ይፋዊ ገጽ ጋር ያመሳክሩ፤ ማኅተም በስልክም ይሠራልና ፎቶው ብቻውን አይበቃም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ሥዕሎችም በዝተዋል። መጀመሪያ ጽሑፉን ይመልከቱ፤ ከሩቅ ግእዝ የሚመስል፣ ሲቀርቡት አንድም ፊደል ያልሆነ ጭረት ከሆነ ማሽን ሠርቶታል። ከዚያ ጣቶቹን፣ የመቋሚያውንና የመስቀሉን አያያዝ። እነዚህ ስሕተቶች እየቀነሱ ስለሚሄዱ ግን በዓይን ብቻ አይተማመኑ። ድምፅም ይመሰላል፤ የሚያውቁት አባት በድምፅ መልእክት ገንዘብ ቢጠይቁ ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።

ለጸበልና ለሕንጻ የሚለመን ገንዘብ

እንደ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ያለ ስመ ጥር ቦታ ስሙ ብቻ ሰው ያስለቅሳል፤ አስመሳይም ይህን ያውቃል። ከመላክዎ በፊት፦

1. የሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ከነቁጥሩና ከነቀኑ ይኑር፤ በልመናው ልጥፍ ላይ ያለውን ስልክ ሳይሆን በሌላ መንገድ ያገኙትን የደብሩን ስልክ ይደውሉ።

2. በቴሌብርም በባንክም ከማረጋገጥዎ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ካልሆነና የግለሰብ ስም ከመጣ ያቁሙ። "ለጊዜው በእኔ ስም ነው" የሚለው ምክንያት ቅን ሰውም ሊናገረው ይችላል፤ ቢሆንም አይላኩ፣ ሂሳቡ እስኪስተካከል ይቆዩ።

3. ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቁ። ደረሰኝ ስለጠየቁት የሚቆጣዎት ሰው ገንዘብዎን እንዳያገኝ ቁጣው በቂ ምክንያት ነው።

በደብረ ብርሃን ለተጠለሉ ተፈናቃዮች መርዳት የሚፈልግ ሰው ከዚያ ካለ ዘመድ ወይም ደብር ጋር ተነጋግሮ በዐይነት መስጠት ይችላል፤ ከማይታወቅ ሂሳብ ይሻላል።

የግጭት ወሬ

እዚህ ላይ ቸኩሎ የሚያስተላልፍ ሰው ደም ላይ ሊደርስ ይችላል። መጽሐፈ ምሳሌ በክርክሩ ቀድሞ የተናገረ ጻድቅ እንደሚመስል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ እንደሆነ ይናገራል (18፥17)። በተግባር ሲሆን ይህ ማለት ሁለተኛ ምንጭ ካልተገኘ 24 ሰዓት መቆየት ነው።

አካባቢው የራሱ ወጥመድ አለው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በሁለት ክልል አለ፤ የአማራው ማእከሉ ደብረ ብርሃን፣ የኦሮሚያው ፍቼ ነው። "በሰሜን ሸዋ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ" ሲባል ወረዳውና ቀበሌው ካልተጠቀሰ የትኛው እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ቪዲዮው መንዝ ነው ካለ ብርዱ፣ የገብስ ማሳው፣ የሰው ልብስ ደጋ ይመስላል? ማንጎ ከበስተጀርባ ካለ የመንዟ መሐል ሜዳ አይደለም። ምስሉን በጎግል ሌንስ ቢፈልጉት ቀድሞ የወጣበትን ቀን ብዙ ጊዜ ያገኙታል፤ የተለጠፈበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚወጣ 7 ወይም 8 ዓመት መቀነስ እንዳይረሱ፤ 2021 ያለው የእኛ 2013 ወይም 2014 ነው። ከነሐሴ 2015 አንሥቶ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረው፣ ኔት ጠፍቶ ሲመለስ የቆየው ሁሉ እንደ ዛሬ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ምንም አለማስተላለፍ ይሻላል።

የሟችን ፊት አይለጥፉ። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል። ጅዳ ያለች እኅት የወንድሟን ሞት ከፌስቡክ ስታየው አጠገቧ የሚደግፋት የለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል።

ራስዎ ሲለጥፉ

ጸበል ላይ የሚጮኽን ሰው አይቅረጹ። ነገ ይድናል፤ ቪዲዮው ግን ሥራ ሲፈልግና ሲያገባ ይከተለዋል። በቅዳሴ ጊዜ በቀጥታ ማስተላለፍ የደብሩ ፈቃድ ያለው አገልጋይ ሥራ ነው። ወንድም ቢበድል መጀመሪያ ብቻውን መውቀስ ታዟል (ማቴ. 18፥15)፤ ኮሜንት የብቻ ቦታ አይደለም፣ በግል መልእክት ወይም በስልክ ይሁን። የራስን ኃጢአትም ኮሜንት ላይ አይናዘዙ፤ ሰሚው መፍታት አይችልም።

ታላላቆችን ማረም

በቤተሰብና በጽዋ ማኅበር ግሩፕ ሐሰተኛውን የሚልኩት ብዙ ጊዜ የምናከብራቸው ናቸው። በግሩፑ ፊት "ውሸት ነው" ብሎ መመለስ እትዬን ያሳፍራል፤ ሲያፍሩም ይበልጥ ይይዙታል። ለብቻ ይደውሉ፣ ጤናቸውን ይጠይቁ፣ ከዚያ "እትዬ፣ ያ የላኩት ነገር ከየት መጣ? የደብሩ አስተዳዳሪ ጋ ደውዬ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም አሉኝ። ሰው ሳይሳሳትበት ቢያጠፉት ይሻላል፣ ላሳይዎት?" ይበሉ። ከዚያ አብረው ያጥፉት፤ ቴሌግራም ላይ "ዲሊት ፎር ኤቭሪዋን" ሳይመረጥ ከተሰረዘ ከእርሳቸው ስልክ ብቻ ይጠፋል፣ ከሌላው አይጠፋም።

ያስተላለፉት እርስዎ ከሆኑ ማጥፋቱ አይበቃም። በዚያው ግሩፕ፣ በዚያው ሰዓት አካባቢ፣ በአንድ መስመር "ትናንት የላክሁት ትክክል አልነበረም፣ ምንጩን ሳላጣራ ነው" ብለው ይጻፉ። ወደ ሌላ ግሩፕ የወሰዱት ካሉ በስም ያናግሯቸው፤ ማረሚያው በራሱ ወደዚያ አይሄድም።